የአገራችን ስም በሩዋንዳ መታሰቢያዎች

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን የንግግርና የክርክር ክፍል በሩዋንዳ ስላየኋቸው የመታሰቢያ ስፍራዎች እንድናገር ሲጠይቀኝ የሰጠኝ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። ስለዚህ የጉዞውን ወሬ፥ የኪጋሊን መንገዶች ጽዳትና የኮረብታዎቹን ልምላሜ ሌሎች ደጋግመው ስለ ተናገሩት እተወዋለሁ። የምናገረው በይበልጥ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የአገራችን ስም በዚያ ፍጅት ታሪክ ውስጥ እንዴት ሊገባ እንደ ቻለ ነው።

በአዲስ አበባ ከሩዋንዳ የመጣ እንግዳ በታየ ቁጥር «እኛን ይመስላሉ» ይባላል። በተለይም እንግዳው ቀጠን ረዘም ያለ፥ አፍንጫው ሰልከክ ያለ እንደ ሆነ፥ «እነዚህማ ጥንት ከእኛ የሄዱ ናቸው» የሚል ሰው አይታጣም። ተናጋሪው ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም እንግዳውን ያከበረ፥ ዘመድም ያደረገ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ይህ ቃል በሩዋንዳ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚያልቀው በወንዝ ውስጥ ነው።

አስቀድሜ የነገሩን ፍሬ በአጭሩ ላስታውስ። ኤፕሪል 6 ቀን 1994 ማታ፥ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.፥ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ጁቬናል ሃቢያሪማና ከቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ጋራ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ኪጋሊ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ወይዘሮ አጋት ኡዊሊንጊዪማና ተገደሉ፤ እኚህ ሴት ሁቱ ነበሩ፤ ፖለቲካ ውስጥ ሳይገቡ በፊት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ባሉት 100 ቀናት ገደማ የተገደሉትን ሰዎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 800,000 ያህል ናቸው ሲል፥ የሩዋንዳ መንግሥት ቆጠራ ከ1,000,000 በላይ ያደርሳቸዋል። የሚበዙት ቱትሲዎች ናቸው፤ ፍጅቱን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ተገድለዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በገጀራና በዱላ ነው። በየመንገዱ በተዘጋው ኬላ ላይ የሚጠየቀው የመታወቂያ ወረቀት ነበር፤ በወረቀቱ ላይ «ቱትሲ» የሚል ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ሌላ ምርመራ አልነበረም።

በኪጋሊ ከተማ በጊሶዚ ኮረብታ ላይ ያለው መታሰቢያ የተከፈተው በ2004፥ ዐሥረኛው ዓመት ሲታሰብ ነው። በግቢው በጋራ መቃብር ያረፉት ከ250,000 በላይ ናቸው። ውስጡ እንደ ሙዚየም የተዘጋጀ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ በሌሎች አገሮች የተፈጸመውን፥ የሄሬሮንና የናማን፥ የአርመኖችን፥ የአይሁድን፥ የካምቦዲያን ፍጅት ያሳያል። ሌላው የሕፃናት ክፍል ነው። በዚያ የሕፃኑ ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቅሎ፥ ከሥሩ ዕድሜው፥ የሚወደው ምግብ፥ የሚወደው ጨዋታ፥ በመጨረሻም እንዴት እንደ ተገደለ ተጽፏል። ብዙ ጎብኚ እስከዚያ ድረስ ያላለቀሰ እንኳ በዚህ ክፍል ያለቅሳል። እኔ ግን ቆሜ የቆየሁት ወረድ ብሎ በነበረው፥ ሰው ብዙ በማይቆምበት ክፍል ነው። ይኸውም ከፍጅቱ በፊት ስለ ነበረው ዘመን የሚናገረው ነው፤ በዚያ ያለው ደም አይደለም፤ ወረቀት፥ መለኪያና መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆን ሃኒንግ ስፒክ የተባለ እንግሊዛዊ የዓባይን ምንጭ ሲፈልግ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ተዘዋውሮ በ1863 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በእነዚያ አገሮች ከብት የሚያረቡትና የሚገዙት ቤተሰቦች ከሌላው ሕዝብ የተለዩ፥ ከሐበሻ አገር የወረዱ የካም ዘሮች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ራሱም መላ ምት ብሎታል። ዋናው ማስረጃው መልካቸው ነበር። ሩዋንዳን አልረገጠም፤ ተራሮቿን ከሩቅ አይቶ አለፈ። ጥቁር ሕዝብ በራሱ ጥበብ መንግሥት ሊያቆም ይችላል ብሎ ማሰብ ስላቃተው፥ የመንግሥቱን መሥራቾች ከውጭ ማምጣት ነበረበት፤ ከውጭም ሲፈልግ ቅርብ ያገኘው እኛን ነው።

ከዚያ በኋላ ጀርመኖች መጡ፤ ሚሲዮናውያን መጡ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ቤልጂጎች ገዙ። ሁሉም ይህን መላ ምት እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቀበሉት። አፍንጫ ለኩ፤ ቁመት ለኩ። ቱትሲው ለመግዛት የተፈጠረ፥ ሁቱው ለመገዛት የተፈጠረ ነው ብለው በትምህርት ቤት አስተማሩ። ሕዝቡ ግን ቋንቋው አንድ፥ አምላኩ አንድ፥ መንደሩ የተቀላቀለ ነው፤ ጎሣዎቹ እንኳ ሁቱና ቱትሲን አንድ ላይ የያዙ ነበሩ። በ1930ዎቹ ዓመታት ቤልጂጎቹ ለያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ወረቀት ሲሰጡ በወረቀቱ ላይ ዘሩን ጻፉበት። ቀድሞ በሀብት፥ በጋብቻና በአገልግሎት ሊለወጥ ይችል የነበረው ነገር በቀለም ተጽፎ ደረቀ። ያው ወረቀት ነው በ1994 በኬላው ላይ የተጠየቀው።

እንግዲህ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነጻነት ሲቃረብ ነገሩ ተገለበጠ። «ከኢትዮጵያ የመጡ፥ ስለዚህም የበላይ የሆኑ» የተባሉት ሰዎች በዚያው ቃል «ከኢትዮጵያ የመጡ፥ ስለዚህም ባዕድ የሆኑ» ተባሉ። ከአረፍተ ነገሩ የተለወጠው ጅራቱ ብቻ ነው። ከ1959 ጀምሮ ብዙ ሺህ ቱትሲዎች እየተገደሉና ቤታቸው እየተቃጠለ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ።

በኖቬምበር 22 ቀን 1992 ሌዎን ሙጌሴራ የተባለ የገዥው ፓርቲ ሰው በካባያ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር አደረገ። ይህ ሰው በካናዳ ከፍተኛ ትምህርት የተማረ፥ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ነው። ከተናገረው ውስጥ አንዱ፥ ለአንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው፥ አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፤ ቶሎ እንድትደርሱ በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል እንሰዳችኋለን ብዬዋለሁ የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሕዝቡም አጨበጨበ። ሰውዬው በኋላ ወደ ካናዳ ሸሸ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ከአገር እንዲወጣ ፈረደበት፤ በ2012 መጀመሪያ ለሩዋንዳ ተላለፈ፤ በ2016 በሩዋንዳ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በ1994 ያለው ነገር በቃሉ መሠረት ተፈጸመ። አስከሬን በኒያባሮንጎ ተጣለ፤ ኒያባሮንጎ ወደ ካጌራ፥ ካጌራ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወሰደው። በኡጋንዳ የባሕር ዳርቻ ያሉ ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው ሬሳ ይወጣ ጀመር፤ ሰውም ዓሣ መብላት ተወ። በካሴንሴሮ፥ በላምቡና በጎሎ የተቀበሩት ከ10,000 በላይ ናቸው፤ ዛሬ በሦስቱም ስፍራ መታሰቢያ አለ። ሟቾቹ በሚበዛው ክፍል ስማቸው አይታወቅም።

እኛ የዓባይ ልጆች ስለሆንን ይህን ጂኦግራፊ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ካጌራ ወደ ቪክቶሪያ፥ ከዚያም ነጭ ዓባይ ሆኖ ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ከእኛ ዓባይ ጋራ የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ከሩዋንዳ ወደ ኢትዮጵያ የሚፈስ አንዲት ጠብታ ውኃ የለችም። ሙጌሴራ ይህን አላወቀም ማለት አይቻልም። መንገዱ የትም እንደማያደርስ ተናጋሪውም አጨብጫቢውም ያውቁ ነበር፤ ቃሉም የተነገረው ለዚሁ ነው።

ከኪጋሊ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደ ተጓዝን ኒያማታ ደረስን። ይህ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በቀደሙት ዓመታት በተደረጉት ግድያዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይድን ስለ ነበር፥ በ1994ም ሕዝቡ ወደዚያው ሸሸ፤ ገዳዮቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደዚያው መጡ። የሟቾቹ ልብስ በአግዳሚዎቹ ላይ ተከምሯል። ዝናብና አቧራ ስላደበዘዘው ሁሉም አንድ ዓይነት የአፈር ቀለም ይዟል፤ ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን የሕፃን ሹራብ፥ የሴት ቀሚስ፥ የገበሬ ካፖርት ለይቶ ማወቅ ይቻላል። በውጭ በኩል አንቶኒያ ሎካቴሊ የተባለች ጣሊያናዊት መቃብር አለ። በማርች 1992 በአካባቢው ቱትሲዎች እየተገደሉ መሆናቸውን ለውጭ አገር ራዲዮ በስልክ ነገረች፤ ወዲያው በጥይት ገደሏት። ይህ የሆነው ከፍጅቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እንግዲህ «ማንም አላወቀም ነበር» የሚለውን ነገር ይህች መቃብር ብቻዋን ታፈርሰዋለች።

ስለ ኒያማታ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ጊዜዬን ለሙራምቢ ላስቀር።

ሙራምቢ በደቡብ፥ ቀድሞ ጊኮንጎሮ ይባል በነበረው አውራጃ፥ በሌሎች ኮረብታዎች በተከበበ አንድ ኮረብታ ላይ ያለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ነው ስል ሕንጻው ነው ማለቴ ነው እንጂ፥ በ1994 ገና በመሠራት ላይ ነበር። ግንቡ ቆሟል፤ ጣራው ተከድኗል፤ ተማሪ ግን አልገባበትም። በኤፕሪል ወር የአካባቢው ቱትሲዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸሹ፥ ባለ ሥልጣኖቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ፥ በዚያ ወታደር ይጠብቃችኋል ብለው ሰደዷቸው። ኮረብታው ከሁሉም በኩል የሚታይ ስለሆነ ለማምለጥ አይመችም። ከዚያም የውኃው ቧንቧ ተቆረጠ፤ ምግብ ተከለከለ። የመጀመሪያውን ጥቃት ሰዎቹ በድንጋይ መከቱት። ኤፕሪል 21 ቀን፥ በእኛ ሚያዝያ 13፥ ከንጋት በፊት ወታደሮችና ሚሊሺያዎች በጠመንጃና በቦምብ መጡባቸው፤ የተረፈውን በገጀራ ጨረሱት። መታሰቢያው በዚያ የተገደሉትን 50,000 ይላል፤ ከዚህ ያነሰ የሚገምቱም አሉ። ሸሽተው በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ሲያኒካ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት በዚያው ዕለት በዚያ ተገደሉ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ጡረተኛው ኮሎኔል አሎይስ ሲምባ በአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2005 25 ዓመት ተፈርዶበታል።

በዚያችው ዕለት፥ ኤፕሪል 21 ቀን 1994፥ የጸጥታው ምክር ቤት በኒውዮርክ ተሰብስቦ ነበር። በቁጥር 912 በወሰነው ውሳኔ በሩዋንዳ የነበረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ 270 ሰው ዝቅ አደረገው። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ አስተያይቶ ማንበብ ለዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎቻችን ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በጁን መጨረሻ የፈረንሣይ ጦር መጣና ከሰፈረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ትምህርት ቤት ሆነ። ጅምላ መቃብሩ ካለበት አጠገብ የፈረንሣይ ወታደሮች መረብ ኳስ ይጫወቱበት የነበረውን ቦታ የሚያመለክት ሰሌዳ ተተክሏል። ከነሐሴ ወር ጀምሮ ፈረንሣዮች የለቀቁትን ደቡብ ምዕራቡን ከተረከቡት መካከል የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ መለዮ ያደረጉ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩ። ፍጅቱ ካለቀ በኋላ ነው የደረሱት። ቢሆንም የአገራችን ሰዎች በእግራቸው ወደዚያ መሄዳቸው በወንዝ ላክናችሁ ከተባለው ጋራ ሲነጻጸር የሚያስገርም ነገር ነው።

መቃብሮቹ ከተከፈቱ በኋላ ከ800 በላይ የሚሆኑ አስከሬኖች እንዳይፈርሱ በኖራ ተለብሰው እንዲቀመጡ ተደረገ፤ የተዘረጉትም ለተማሪ በተሠሩት ክፍሎች ውስጥ ነው። ኖራው ሁሉንም ነጭ አድርጓቸዋል። እጁን ወደ ፊቱ እንዳነሣ የቀረ አለ፤ ከእናቱ ጎን የተኛ ሕፃን አለ። ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድም፤ ባይከለከልም የሚያነሣ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በእኛ ልማድ ሙት አፈር ሳይለብስ ማደሩ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ክርስቲያኑ ፍትሐቱ ተደርሶ፥ አርባውና ተዝካሩ ወጥቶለት፥ እስላሙ ጀናዛው ሳይውል ሳያድር ተቀብሮ ነው ለቤተ ዘመዱ ዕረፍት የሚሆነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ወደ ሁለተኛው ክፍል ለመግባት እምቢ አሉ፤ አንዲት እኅታችን ግድግዳውን ተደግፋ ጸሎት ታደርስ ነበር። እኔም ይህ ነገር ትክክል ነው ወይ ብዬ አስጎብኚያችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፥ ከዚያ ፍጅት የተረፉ፥ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። «ከተረፍነው ብዙዎቻችን ብንቀብራቸው ደስ ይለናል» አሉ። «ነገር ግን አልሞቱም የሚል ሰው ገና አለ። እርሱ ዝም ሲል እንቀብራቸዋለን።»

ይህን መልስ ብዙ አሰብኩበት። ሙታን ምስክር ሆነው እንዲቆሙ ማስገደድ ከባድ ነገር ነው፤ ሳይጠየቁ ነው የቆሙት። ቢሆንም ፍርዱ የጎብኚ ሳይሆን የዘመድ ነው የሚለው ሐሳብ ይበልጥብኛል። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የሟቾች አጽም በመስታወት ውስጥ ይታያል፤ ከእነርሱ መካከል የእኛን ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ያላየ ጓደኛ ካለ ሩዋንዳ ድረስ መሄድ አያሻውም፤ በታክሲ ደርሶ ይመለሳል።

ከክፍሎቹ ስንወጣ አስጎብኚው ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን። ከኢትዮጵያ አልናቸው። ፈገግ አሉና «እንግዲያስ የአገሬ ልጆች ናችሁ» አሉ። ከእኛ አንዱ ደስ ብሎት «አዎን፥ እኛንም ይመስላሉ!» አለ። እርሳቸውም በትሕትና «በትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ ቱትሲዎች ተነሡ ብሎ ያስቆመንና ለክፍሉ ይህንኑ ይነግር ነበር» አሉ። ከዚያም ሌላ ነገር አነሡ።

አንዳንድ ጓደኞች ይህን ስነግራቸው፥ የጥንት ዝምድና ቢኖርስ፥ መናገር ወንጀል ነው ወይ ይሉኛል። አይደለም። ሕዝቦች ከየት ወደየት ሄዱ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው፤ የታሪክ ክፍላችንም ይህን ሥራ እንዲተው የምመክር አይደለሁም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ይኸውም በሩዋንዳ የታሪክ ጥያቄ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ የተለወጠው በተማሩ ሰዎች እጅ መሆኑን ነው። ገበሬው ስፒክን አላነበበም። የጥላቻውን ራዲዮ፥ ሚል ኮሊን የተባለውን፥ ካቋቋሙት አንዱ ፌርዲናንድ ናሂማና በፓሪስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ፥ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ በመጨረሻ በይግባኝ 30 ዓመት ተፈርዶበታል። ራዲዮው ቱትሲን «በረሮ» ይለው ነበር፤ መግደልም «ሥራ» ይባል ነበር። ሥራችሁን ሥሩ ሲባል ሁሉም ይገባው ነበር። ኤፕሪል 19 ቀን ወደ ቡታሬ ሄዶ ሕዝቡን ለዚህ ሥራ የቀሰቀሰው ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሲንዲኩብዋቦ ሙያው የሕፃናት ሐኪም ነው። ቡታሬ የዩኒቨርሲቲው ከተማ ናት፤ በአገሪቱ ብቸኛው ቱትሲ የሆነው አገረ ገዥ ይገዛት ስለ ነበረ እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበረች። አገረ ገዥው ተሻረ፤ በኋላም ተገደለ። ከዚያ ወዲያ በዩኒቨርሲቲውና በሆስፒታሉ ተማሪው ተማሪውን፥ ባልደረባው ባልደረባውን ያስገድል ጀመር።

ስለ ተማሪ ካነሣሁ ግን ስለ ኒያንጌ ሳልናገር ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። በማርች 1997፥ ፍጅቱ ካለቀ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፥ የታጠቁ ሰዎች በሌሊት ወደ ኒያንጌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ተማሪዎቹን ሁቱ በአንድ በኩል፥ ቱትሲ በሌላ በኩል ተለዩ ብለው አዘዙ። ተማሪዎቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው አንለይም አሉ። ተኮሱባቸው፤ ቦምብ ጣሉባቸው፤ ስድስቱ በዚያ ሌሊት ሞቱ። ከመካከላቸው ሁቱ የሆነ «እኔ ሁቱ ነኝ» ብሎ አንድ እርምጃ ቢራመድ ይድን ነበር። ዛሬ በሩዋንዳ ከአገሪቱ ጀግኖች ጋራ ይቆጠራሉ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የተባበሩት መንግሥታት ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት በዲሴምበር 1948 ካወጣ በኋላ በዓለም ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949፥ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ከየካቲት 12 ፍጅት ገና 12 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው፤ ስለዚህ ነገሩ ለጊዜው ሰዎች የወረቀት ጉዳይ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ከስምምነቱ አልፎ የፖለቲካ ወገኖችን ጭምር ከለላ ሰጣቸው፤ በዚሁ አንቀጽ ነው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌለበት ጥፋተኛ የተባለው። በአዲስ አበባ ተቀምጦ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1994 ምንም አላዳነም፤ በኋላ የሾማቸው ሽማግሌዎች፥ በቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት በኬቱሚሌ ማሲሬ ሊቀ መንበርነት፥ በ2000 ባወጡት ሪፖርት ፍጅቱን ሊገታ ይቻል የነበረ ብለውታል። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንጻ የቆመው በቀድሞው ዓለም በቃኝ ወህኒ ቤት መሬት ላይ ነው። በደጁ በአውቶቡስ የምናልፍ ስንቶቻችን ይህን እናስታውሳለን?

ሩዋንዳውያን ከ2005 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በጋቻቻ ሸንጎ 2 ሚሊዮን ያህል ጉዳይ አይተዋል። በሣር ላይ ተቀምጦ፥ መንደርተኛው በሙሉ ተሰብስቦ፥ ማን ምን እንዳደረገ በአደባባይ የሚወጣጣበት ነው። አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉትን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ጉድለቱ ብዙ ነው ይባላል፤ ለተከሳሽ ጠበቃ አልነበረውም፤ የበቀል ክስም ገብቶበታል። ይህን ለሕግ ተማሪዎች ክርክር እተወዋለሁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ «መጤ» የሚለው ቃል ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ሰው በተወለደበት መንደር መጤ ተብሎ ቤቱ ተቃጥሏል፤ ወደ መጣህበት ሂድ ተብሏል፤ አያቱ የተቀበሩት እዚያው ሆኖ የሚሄድበት አጥቷል። ሰውን በአረምና በአውሬ ስም መጥራትም ከስብሰባ አዳራሽ እስከ መንገድ ተሰምቷል። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዘር ጠብ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ሌሎችም ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደየአገራቸው ገብተዋል። በመኝታ ክፍሎቻችን ውስጥ ማን በየትኛው መቶ ዓመት ከየት እንደ ወረደ፥ ማን ባለ አገር ማን እንግዳ እንደ ሆነ ሲከራከሩ የሚያድሩ ጓደኞች አሉ፤ ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱትም አንዳንድ ጊዜ እንደ ስፒክ በመንገድ ላይ ሳለ መላ ምት የጻፈ ጎብኚን ነው። እነዚህ ጓደኞች ሙጌሴራ ናቸው አልልም። ግን ክርክሩ ሲያልቅ ተሸናፊው ወዴት ይሂድ ነው የሚሉት? ይህን ጥያቄ በክርክሩ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ቢጠይቅልኝ እወዳለሁ።

ጊዜዬ አልቋል። የሙጌሴራ ንግግር ሙሉ ቃል የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 በሰጠው ውሳኔ ላይ ተያይዞ ይገኛል፤ ረጅም አይደለም። በማኅበራችን የንባብ ክፍል ወደ አማርኛ፥ ወደ ኦሮምኛና ወደ ትግርኛ እንዲተረጎምና በዚሁ ጋዜጣችን ከማብራሪያ ጋራ እንዲታተም ሐሳብ አቀርባለሁ። የታሪክ መምህራኖቻችንም ስለ ካም ዘር መላ ምት አንድ ማታ እንዲያስተምሩን እንለምናቸው። በትርጉሙ ሥራ ለመርዳት የሚፈቅድ ጓደኛ ሐሙስ ከእራት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።